ቤሊ ዳንስና እስክስታ አብረው ይሄዳሉ ወይ?

ትዕግስት ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዳንስ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ቤሊ ዳንስ መማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስወጣ የምሄድበት ክፍል አለ። መጀመሪያ የገባሁት ለወገብ ሕመም ይረዳል ሲሉኝ ነው። አሁን ግን ሕመሙም ተረስቷል፣ ዳንሱን ወድጄዋለሁ።

በሚቀጥለው ወር የተማሪዎች ዝግጅት አለን። ሀፍላ ይሉታል። ትልቅ መድረክ ምናምን አይደለም፤ ቤተሰብና ጓደኛ ሰብሰብ ብሎ የሚያይበት ነው። አስተማሪያችን ታዲያ ሁላችንንም የራሳችንን ነገር እንድንጨምርበት ጠየቀችን። አንዷ ፍላሜንኮ ልታስገባ ነው። ሌላዋ ሂፕ ሆፕ። እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። የራስሽ ነገር ስባል ከእስክስታ ሌላ ምን አለኝ?

ችግሩ፣ ቤት ውስጥ ስሞክረው እምቢ አለኝ። ትከሻዬን ስጀምር ዳሌዬ ይቆማል። ዳሌዬን ስጀምር ትከሻዬ ይሞታል። እንደምንም ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርጋቸው ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተንከትክቶ ሳቀ። "ብርድ ብርድ ያለው ሰው ነው የምትመስይው" አለኝ።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር ጭራሽ የሚሆን ነው ወይስ እየለፋሁ ያለሁት በከንቱ ነው? ቤሊ ዳንስን ከሌላ ዳንስ ጋር ቀላቅሎ ያሳካ ሰው አለ? ሙዚቃስ ምን ልጠቀም? ለልብሱ የሀበሻ ቀሚስ ለብሼ ከላይ ሳንቲም የሚንጠለጠልበትን መቀነት ላስር አስቤያለሁ። እናቴም ልታይ ትመጣለች፣ እሱም ያስጨንቀኛል።

መንዜው

እህቴ፣ እንደ ወንድም ልምከርሽ። ሁለቱንም ለየብቻቸው ተያቸው። እስክስታ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ማሟያ አይፈልግም። ቤሊ ዳንስም የግብፆች ጥንታዊ ጭፈራ ነው፤ በሺህ ዓመት ማንም ያልነካካውን ነገር እኛ ምን አገባን? ድብልቅ እየተባለ በስልክ የሚላክልኝን አያለሁ። የሀበሻ ቀሚስ ለብሶ በዓረብኛ ዘፈን መውረግረግ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። አትቀየሚኝ።

ናይል ዳር

ትዕግስት፣ የሚሆን ነው። ባልሽም ግን ዝም ብሎ አልሳቀም፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ። እኔ ካይሮ ዶቂ ሰፈር ኖሬያለሁ፣ ራቅስ ሻርቂን (ዓረቦቹ ቤሊ ዳንስን የሚጠሩበት ስም ነው) እዚያው ተማርኩ፣ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ አስተምራለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልረዝም ነው፣ ታገሺኝ።

በቅድሚያ ለመንዜው። ወንድሜ፣ ያ ያልተነካካ ያልከው ዳንስ የለም። ዛሬ መድረክ ላይ የምታየው ቤሊ ዳንስ ራሱ ድብልቅ ነው። ባድያ ማሳብኒ የምትባል ከሶርያና ከሊባኖስ ወገን የሆነች ሴት እ.ኤ.አ. በ1926 ካይሮ ውስጥ የሙዚቃና የዳንስ ቤት ከፈተች። ቀድሞ ጨፋሪዋ በአብዛኛው ሰርግ ቤት፣ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ፣ ከቆመችበት ብዙም ሳትርቅ ዳሌዋን ነበር የምታጫውተው። የባድያ ቤት መድረክ አለው። መድረክ ደግሞ መሞላት አለበት። ክንድ ተዘረጋ፣ መሽከርከር መጣ፣ ከባሌም ከላቲንም ተወሰደ። እዚያ ቤት ካደጉት ትልልቆቹ አንዷ ታሂያ ካሪዮካ ናት፤ "ካሪዮካ" የሚለው ቅጽል የወጣላት ከብራዚል በመጣ ዳንስ ነው። ሌላዋ ሳሚያ ጋማል ናት። ክንዷን ስታይ ባሌው ፍንትው ብሎ ይታይሻል። እነዚህን ነው ዛሬ ግብፆቹ ራሳቸው "የድሮው፣ ንጹሁ" የሚሏቸው።

ማህሙድ ሬዳን ደግሞ ተመልከቱ። ሰውዬው ጂምናስቲክ ስፖርተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የራሱን ቡድን ሲያቋቁም ከላይኛው ግብፅ የዱላ ጭፈራውን፣ ከየመንደሩ እርምጃውን ለቅሞ ከባሌ አቋምና ከፊልም ዳንስ ጋር አዋሐደው። ዋና ጨፋሪዋ ፋሪዳ ፋህሚ ነበረች። የአሌክሳንድሪያ ሴቶች በጥቁር መጠቅለያ ተጠቅልለው የሚጨፍሩት፣ መላያ የሚባለው ዳንስ አለ። ቱሪስቱ ሁሉ ጥንታዊ ይመስለዋል። ለመድረክ የፈጠረው ማህሙድ ሬዳ ነው።

አሜሪካኖቹም የራሳቸውን ሠርተዋል። ጃሚላ ሳሊምፑር እ.ኤ.አ. በ1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ ባል አናት የሚባል ቡድን አቋቋመች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1987 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ካሮሊና ኔሪቺዮ የፍላሜንኮ አቋምና ሰፊ ቀሚስ ጨምራ፣ ሴቶቹ በምልክት እየተግባቡ በቡድን የሚጨፍሩበትን ስልት አወጣች። እሷን ተከትለው የመጡት፣ እነ ሬቸል ብራይስ፣ ከሂፕ ሆፕ ብዙ ወሰዱ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ መስመር የወጣው ሁሉ አይማርከኝም፤ ከዳንሱ ጌጣ ጌጡ የሚበዛበት ጊዜ አለ። ሬቸል ብራይስ ግን ሌላ ናት። ሆዷ ላይ ያለው ጡንቻ አንድ በአንድ ሲንቀሳቀስ ሲታይ ሙዚቃው ከዚያ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ታዲያ የቱ ይሳካል፣ የቱ አይሳካም? እኔ የማየው ክብደትን ነው። ቤሊ ዳንስ ክብደቱን ወደ መሬት ይጥላል፣ ጉልበቱ ለስላሳ ነው፣ ዳሌው የሚሠራው ከዚያ ነው። ሂፕ ሆፕ ውስጥ ፖፒንግ የሚሉት አንዱን የሰውነት ክፍል ለይቶ የሚመታ ስለሆነ በቀላሉ ይገጥማል። ባሌ ሰውነትን ወደ ላይ ይስባል፤ ስለዚህ ክንዱና መሽከርከሩ ይገባል፣ እግሩ ግን ይከብዳል። ፍላሜንኮም ያው ነው። ክንዱ ያምራል። እግር ወለሉን መደብደብ ሲጀምር ግን ዳሌው ይናወጥና የቤሊ ዳንሱ ነገር ያበቃል። ለዚያች ለክፍል ጓደኛሽ ንገሪያት።

ወደ እስክስታ ልምጣ። በክብደት በኩል ዕድለኞች ነን። እስክስታም ጉልበቱን ለቀቅ አድርጎ መሬቱን ረግጦ ነው የሚወርደው። አንዱ ከወገብ በታች ይሠራል፣ አንዱ ከወገብ በላይ። ያየ ሰው ሁሉ "ባዶ ቦታቸው ስለሚሞላላ ይገጥማሉ" ይላል። ሲሞከር ግን የአንቺ ባል የሳቀበት ነገር ይመጣል። የሚጋጨው ሰውነቱ አይደለም፣ ምቱ ነው።

ክፍል ውስጥ የምትለማመጂበት ምት ምናልባት ማቅሱም ነው። ዱም ታክ፣ ታክ ዱም፣ ታክ፤ ዱም ወፍራሙ የከበሮ ድምፅ ነው፣ ታክ ቀጭኑ። በአራት ይቆጠራል፣ እያንዳንዱም ለሁለት ይከፈላል። የእኛ ችክችካ ግን እያንዳንዱን ምት ለሦስት ነው የሚከፍለው። ትከሻሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሦስት ሦስት ነው የሚያውቀው። ዳሌሽ ሜሪላንድ ገብቶ ሁለት ሁለት ተማረ። ሁለቱን ባንዴ ስታዣቸው አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይሆናል።

እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ያየሁትን ላውራችሁ። ጎበዝ የቤሊ ዳንስ ልጅ ናት፣ ሀበሻ አይደለችም። ዲጄው የጎንደር ዘፈን ለቀቀላት። ዳሌዋ እንከን የለውም፣ ግን በአራት ነው የምትቆጥረው። ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች ማጨብጨብ ጀመሩ። ጭብጨባው አንድ ቦታ ያርፋል፣ የእሷ ዳሌ ሌላ ቦታ። ልጅቷ ሰምታዋለች፣ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ግን ከየት ገብታ ታስተካክለው? እናቶቹ በክፋት አይደለም፣ እንዲያውም እያበረታቷት ነበር። የሀበሻ እናት ጭብጨባ ምሕረት የለውም።

መፍትሔው ይሄ ነው። ሦስት አራተኛ ሺሚ የሚባለውን የዳሌ ማንቀጥቀጥ ተምረሽ ይሆናል። ዳሌ ሦስቴ ይመታል፣ አራተኛዋ ላይ ያርፋል። ያቺን ዕረፍት አውጫት። ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ። ችክችካው ላይ ልክክ ብሎ ይገባልሻል። ለአንድ ሳምንት ሌላ ምንም አትሥሪ፣ ትከሻ እንዳትነኪ። ሳህን ስታጥቢም፣ አሳንሰር ስትጠብቂም እሷን ብቻ።

ከዚያ በኋላም ሁለቱን እኩል አታስኪጃቸው። ተመልካች አንድ ዓይን ነው ያለው። ትከሻ ሲናገር ዳሌ ትንሽ ሺሚ ብቻ ይዞ ዝቅ ይበል፣ ዳሌ ሲናገር ትከሻ ይረፍ። ሽግግሩ ላይ ትንፋሽሽን ተጠቀሚ። እስክስታ ስንወርድ በጥርሳችን መሃል "እስ፣ እስ" የምንላት አለች አይደል? ምቱ ላይ ነው የምትወድቀው። ዳሌ ላይ ሆነሽም እሷን አታቋርጫት። እሷ ካለች ትከሻው ሲመለስ ቦታውን አይስትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ካይሮ ማካን የሚባል ትንሽ የሙዚቃ ቦታ አለ። መዛህር የሚባሉት ሴቶች የሚመሩት ቡድን እዚያ የዛር ሙዚቃ ይጫወታል። አዎ፣ ዛር፣ የእኛው። ብዙ ተመራማሪዎች ዛር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ግብፅ እንደገባ ይናገራሉ። ክራራችንን የሚመስል ታንቡራ አላቸው። አንዱ ሰውዬ ደግሞ ማንጉር የሚባል ሰፊ የቆዳ መቀነት ወገቡ ላይ ያስራል። ቆዳው ላይ የፍየል ሰኮና ተደርድሮ ተሰፍቷል። ዳሌውን ሲነቀንቅ ሰኮናው ይንሿሿል፣ ያ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዳሌና ከበሮ አንድ ሲሆኑ ያየሁት እዚያ ነው። ቤሊ ዳንሰኞች ከዛር ራስ መወርወሩን ወስደው መድረክ ላይ ያስገቡታል። አንቺ ግን እናትሽ ባለችበት እንዳትሞክሪው፤ በእኛ ሰው ፊት ዛር ጨዋታ አይደለም።

ባለከበሮው

ልጆች፣ ጥሩ ነገር ነው የምታወሩት። እኔ በወጣትነቴ በክፍለ ሀገር ኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ነበርኩ። አሁን ጉልበቱ የለኝም፣ ጆሮው ግን አለ።

ናይል ዳር ያለችው ልክ ነው፤ ትንሽ ላርም። ችክችካ ሁሉ አንድ ፍጥነት የለውም። ሰርግ ላይ የሚመታው ይሮጣል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ረጋ ያለውን ፈልጊ። ዳሌ ከትከሻ ይከብዳል፣ ከሩጫው ጋር አይደርስም።

ሙዚቃውን በተመለከተ፣ የዓረብ ዘፈንና የእኛን ዘፈን ቆራርጠሽ አታደራርቢ። ዜማቸው አይስማማም። የእኛ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አምስት ድምፅ ናቸው። ዓረቦቹ እነ ራስት፣ እነ ባያቲ የሚሏቸው ቅኝቶች ውስጥ ሩብ ድምፅ አለ፣ ከፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚገባ ድምፅ ማለት ነው። ማሲንቆ ላይ ኡድ የሚሉትን የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ ብትደርቢበት ያልተቃኘ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ከበሮ ከከበሮ ግን አይጣላም። የእኛ ከበሮ ሁለት አፍ አለው። ሰፊው አፍ የእነሱ ዱም ነው፣ ጠባቡ አፍ ታክ ነው። እነሱ በአንድ ቆዳ መሃሉንና ዳሩን እየለዩ የሚያወጡትን እኛ በሁለት ቆዳ እናወጣዋለን። ስለዚህ ከበሮ ብቻ ያለበት አንድ ሁለት ደቂቃ መሃል ላይ አስገቢ። ከማቅሱም ወደ ችክችካ መሻገሪያው እሱ ይሁን።

ከዓረቡ ወገንም በሦስት የሚከፍሉ አሉ። የሞሮኮዎቹን ሻዕቢ ስሚ። ዓረብ ባይሆኑም የኢራኖችንም የባንደር አካባቢ ጭፈራ ስሚ። ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ለትከሻሽ ባዳ አይሆንባትም።

ሰላም ከሃይፋ

እስክስታ ከሌላ ዳንስ ጋር አይቀላቀልም የምትሉ እዚህ እስራኤል የተሠራውን ብታዩ። ሩት ኤሸል የምትባል ዳንሰኛና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ "እስክስታ" የሚባል የዳንስ ቡድን አቋቋመች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ "ቤታ" የሚባለውን። ሁለቱም እስክስታን ከዘመናዊ ዳንስ ጋር አዋሕደው ነው የሠሩት። ቤሊ ዳንስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ዳንሰኞቹ የእኛው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ፤ ትከሻውን ከቤታቸው ይዘውት ነው የመጡት። አዲሱን ነገር ነው የተማሩት። ትዕግስትም እንደዚያው ናት። ለእኔ የሚያስፈራው ግልባጩ ነው፤ እስክስታን ከስልክ ላይ ተምሮ "ድብልቅ ሠራሁ" የሚለው።

መንዜው

የ1926ቱን አላውቅም ነበር፤ እሺ ይሁን። በሀበሻ ቀሚሱ ላይ ግን አሁንም ቅር ይለኛል።

ትዕግስት ከሜሪላንድ

ወይኔ፣ እንዲህ ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ ባለከበሮው፣ እርስዎ ያሉትን ዛሬውኑ ሞከርኩት። የሞሮኮውን ከፍቼ ትከሻዬን ብቻ ለቀቅኩት፤ ሳላስበው ገባ! ዳሌው ገና ነው። ናይል ዳርዬ፣ ያቺን ዕረፍት ማውጣቱ ከባድ ነው። እግሬ በየመሃሉ አራተኛዋን ይፈልጋል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ ልብሱ ነው፤ መንዜው እንዳለው ያስነውራል? ሌላው የሰዓቱ ነገር። የተሰጠኝ አራት ደቂቃ ነው። ከየቱ ልጀምር፣ ከእስክስታው ወይስ ከቤሊ ዳንሱ?

ናይል ዳር

እግርሽ አራተኛዋን የሚፈልገው እየተራመድሽ ስለምትሞክሪው ነው። መጀመሪያ ቁመሽ፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስነክተሽ ሥሪ። መራመዱ በኋላ ይመጣል።

ከቤሊ ዳንሱ ጀምሪ። ተመልካቹ ግማሹ ፈረንጅ ነው፣ የሚያውቀውን ይይ። አንድ ደቂቃ ተኩል ማቅሱም፣ ንጹሕ ራቅስ ሻርቂ፣ ትከሻ የለም። ከዚያ ጋሼ ያሉት የከበሮ ክፍል፤ እዚያ ላይ ዳሌሽ ሦስት ሦስቱን ይያዝ፣ ትከሻሽ ግን ገና ነው። የሚጓጓውን ሰው ትንሽ አስጠብቂው። ዘፈኑ ሲገባ ወገብሽን ያዢና ትከሻውን ልቀቂው። እናትሽ እልል የምትለው እዚያ ጋ ነው፣ ስለዚህ ለእልልታው ሁለት ዙር ያህል ቦታ ተይለት። መጨረሻ ላይ ሁለቱን እያፈራረቅሽ ጨርሺ።

ልብሱን በተመለከተ ከመንዜው ጋር በግማሽ እስማማለሁ፣ የእኔ ምክንያት ግን ነውር አይደለም። የሀበሻ ቀሚስ ከዳሌ ላይ ሰፋ ብሎ ነው የሚወርደው፤ የለፋሽበት ሺሚ ውስጡ ይቀራል፣ ማንም አያየውም። ቀሚሱን ልበሺ፣ ዳሌሽ ላይ ግን ነጠላ አጠፍ አድርገሽ ጠበቅ አርገሽ እሰሪ፤ ጥለቱ ወደ ውጭ ይሁን። ጥለቱ ላይ ያለው መስመር ዳሌ ሲነሣና ሲወድቅ ከሩቅ ይታያል። ፋሪዳ ፋህሚም ብዙውን የጨፈረችው ሰውነቷን በሸፈነ ረጅም ቀሚስ፣ ዳሌዋን በሻርፕ አስራ ነው፤ ለእናትሽ እሱን ንገሪያት።

የሳንቲሙን መቀነት ተይው። ሳንቲም ምቱን ተከትሎ አይቆምም፣ ዳሌ ካረፈ በኋላም ይንሿሿል። ማቅሱም ላይ ብዙም አይታወቅም። ችክችካ ላይ ግን የሦስተኛዋን ምት ይበላብሻል፣ እናቶቹም የሚያጨበጭቡት ጠፍቶባቸው ይቀመጣሉ።